ወንድሜን ለመረዳት የጀመርኩት ትምህርት አፌን አስያዘኝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የ44 ዓመት ሴት ነኝ፤ በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል እሠራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን ነገረኝ። ከቤተሰባችን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ እኔን ብቻ ነው ያመነው። ያን ዕለት ደህና ነገር ልናገር ብዬ ከአፌ የወጣው «ግን እንዴት እንደዚህ ልትሆን ቻልክ?» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራው፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ወላጆቻችን እንጫወታለን፤ ያንን ጉዳይ ግን እሱም እኔም አናነሳውም።

ትንሽ ዕውቀት ቢኖረኝ ጨዋታውን እንደገና መክፈት እችላለሁ ብዬ ለአዋቂዎች በኦንላይን የሚሰጥ የማታ ኮርስ ገባሁ። ዐሥር ሳምንት ነው፤ ርእሱ «ኢንተርሴክሽናል ኩዊር ቲዮሪ» ይባላል፤ «ኩዊር» የሚሉት በፍቅርና በፆታ ከተለመደው ደንብ ውጭ የሆነውን ነው። አሁን አራተኛው ሳምንት ላይ ነን፤ እኔ ግን ጠፍቻለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ስለ ሥርዓተ ፆታ ከሚጽፉት ፈላስፋ ከጁዲት በትለር መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ተሰጠን፤ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ባነበውም ምን እንዳሉ ሊገባኝ አልቻለም። በሦስተኛው ሳምንት አምስት አምስት ሆነን ስንወያይ፣ ሌላ የምለው ስላልነበረኝ የወንድሜን ታሪክ ተናገርኩ። ስሙን አልጠራሁም፤ ሙያውንና ያለበትን ከተማ ግን ጠቅሻለሁ። አንዷ ተማሪ «ይሄን የምታወሪው ከራስሽ ምቾት ላይ ቆመሽ ነው፤ ታሪኩም ያንቺ አይደለም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ካሜራዬን ዘግቼ በዝምታ ነው የምከታተለው። ክፍለ ጊዜዎቹ እንደሚቀረጹ ያወቅኩት ደግሞ በኋላ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሃይማኖተኛ ሰው ነኝ፤ የምሰማው ሁሉ አይዋጥልኝም። ወንድሜን ግን እወደዋለሁ። ኮርሱ የሚያልቀው በ1500 ቃላት ጽሑፍ ነው። ላቋርጠው ወይስ ልቀጥል? ለወንድሜስ የሆነውን ልንገረው?

ታላቅ እህት ነኝ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

እንቅልፍ ከነሣዎት ነገር እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ ትንሽ ቢቆይ ችግር የለውም፣ ይሄ ግን አይቆይም። አምስት ሆናችሁ የተወያያችሁበት ክፍል አልተቀረጸ ይሆናል። ዙምን በመሰሉ መድረኮች ላይ አስተማሪው ቀረጻውን ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት ማከማቻ) ሲያደርግ ብዙውን ጊዜ የሚቀዳው ዋናው ክፍል ነው፤ ተማሪዎች የሚበተኑባቸው ትናንሽ ክፍሎች በዚያ ቀረጻ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይገቡም። ይሁንና ከመካከላችሁ አንዱ በራሱ ኮምፒውተር እንዲቀዳ ተፈቅዶለት ከሆነ፣ ወይም ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራም ይዞ ገብቶ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ቀዳዳም አለ። ከቡድን ተመልሳችሁ ዋናው ክፍል ስትገቡ አንድ ሰው «በእኛ ቡድን እንዲህ እንዲህ ተባለ» ብሎ ካቀረበ፣ ያቺ ማጠቃለያ ተቀድታለች። ስለዚህ እየገመቱ ከመብሰልሰል ይጠይቁ።

ለአስተማሪው የሚላከው ኢሜይል ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «በሦስተኛው ሳምንት የቡድን ውይይት ላይ የሌላ ሰው የግል ጉዳይ ያለ ፈቃዱ ተናግሬአለሁ፤ ማንነቱን ሊጠቁም የሚችል ዝርዝርም ነበረበት። የቡድን ክፍላችን ተቀርጾ እንደሆነ፣ በዋናው ክፍል ተደግሞ እንደሆነ፣ ቀረጻውን እነማን ማየት እንደሚችሉና መቼ እንደሚጠፋ ቢነግሩኝ። ካለ፣ ከቪዲዮውም ከጽሑፍ ግልባጩም እንዲወጣልኝ እጠይቃለሁ። የቡድኑ አባላትም የሰሙትን ከክፍል ውጭ እንዳያወጡ ቢያሳስቡልኝ ደስ ይለኛል።» ግልባጩን በስም መጥቀስዎ ትርፍ ነገር አይደለም። ቪዲዮው ተቆርጦ፣ ከሥሩ ያለው የተጻፈ ንግግርና የቻቱ ፋይል ሳይነኩ የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ኢሜይሉ ውስጥ ታሪኩን መልሰው አይጻፉት፤ ሙያውንም ከተማውንም አይድገሙ። ወንድምዎ የሚኖርበት አካባቢ ወይም ሕጉ ለእንደ እሱ ዓይነት ሰው ጨካኝ ከሆነ፣ ሙያና ከተማ አንድ ላይ ሲመጡ ስም ከመጥራት ብዙም አይተናነሱም።

እግረ መንገድዎን የራስዎንም በኩል ይዩት። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ስምዎ ሙሉ ስምዎ ነው? የአባት ስምዎ ከወንድምዎ ጋር አንድ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ስም ብቻ ማስቀረት ይሻላል። ኮርሱ የተመዘገበው በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ከሆነ ወደ ግል ኢሜይል ያዛውሩት። ኮምፒውተሩን ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ደግሞ የወረዱ ፒዲኤፎችንና በስክሪኑ ጥግ ብቅ የሚሉ መልእክቶችን ያስቡባቸው።

ለወንድሜ ልንገረው ወይ ላሉት፣ ይንገሩት እላለሁ። «አራት የማያውቁት ሰዎች ናቸው፣ ስሙም አልተጠራም፣ ብነግረው ማስጨነቅ ብቻ ነው» የሚል ሐሳብ ሊመጣብዎት ይችላል፤ አልንቀውም፣ ከፍቅር የሚመጣ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ማን ይወቅ ማን አይወቅ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነበር፤ ያ ውሳኔ አንድ ጊዜ ሳያውቅ ተወስዶበታል። አሁን ደግሞ መወሰዱንም ከደበቅነው ሁለተኛ ጊዜ ወሰድንበት ማለት ነው። ሌላው ምክንያት የደኅንነት ነው፤ የሰሙት ሰዎች እሱን ያውቁት አያውቁት መመዘን የሚችለው እሱ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

አስተማሪው እስኪመልሱልዎ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁ፤ የቀረጻውን ነገር አጣርተው ቢነግሩት ግማሹ ጭንቀት ይቀንሳል። መልሱ ከዘገየ ግን አይጠብቁ። በጽሑፍ መልእክት አይሁን፤ ስልኩ ማን እጅ ላይ እንዳለ አይታወቅም። ይደውሉና መጀመሪያ «ብቻህን ነህ? ማውራት ትችላለህ?» ይበሉት። ከዚያ በአጭሩ፦ «አንድ የማታ ኮርስ እየተማርኩ ነው። እዚያ ስላንተ ተናገርኩ። ስምህን አልጠራሁም፤ ሙያህንና ከተማህን ግን ጠቅሻለሁ። ማድረግ አልነበረብኝም። የሰሙት አራት ሰዎች ናቸው፤ ቀረጻውን በተመለከተ ደግሞ ያደረግኩት ይሄ ነው።» እዚህ ላይ ያቁሙ። «ስለምወድህ ነው እኮ» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር በዚህ ሰዓት ባትመጣ ጥሩ ነው፤ እውነት ብትሆንም፣ እሱ ተነሥቶ እርስዎን እንዲያጽናና ታስገድደዋለች። ቢቆጣ ይቆጣ። ዝም ቢል «ስትፈልግ ደውልልኝ» ብለው ይዝጉ። የዛሬ ሁለት ዓመቱን ጥያቄም በዚያው ስልክ ላስተካክል አይበሉ። ሁለት ይቅርታ ባንድ ጊዜ ሲቀርብ ሰሚው የቱን እንደሚቀበል ይጠፋዋል። ያ ጥያቄ የራሱ ቀን ይኖረዋል፤ ያኔ «ያን ዕለት ምን ብልህ ደስ ይልህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም የተነበበ ምዕራፍ ይልቅ በር ይከፍታል።

የክፍል ጓደኛዎ የተናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር ቢመስልም ውስጡ ሁለት ነገር አለ። «ታሪኩ ያንቺ አይደለም» ያሉት ልክ ነው፤ እርስዎም ልብዎ ያውቀዋል፣ ስለዚህም ነው የጎዳዎት። «ከምቾትሽ ላይ ቆመሽ» ያሉት ግን ምን ለማለት እንደሆነ ገና አልተብራራም። ምናልባት «ግን እንዴት ልትሆን ቻልክ» ያሉትን ሰምተው ይሆናል፤ ምናልባት የራሳቸው ቁስል ተነክቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ተሳስተው ይሆናል። በግል ሁለት መስመር ቢጽፉላቸውስ? «ታሪኩ የእኔ አለመሆኑን በመናገርሽ ልክ ነበርሽ፤ ከቀረጻው እንዲወጣ ጠይቄአለሁ። ስለ ምቾት ያልሽውን ከየትኛው ንግግሬ እንዳየሽው ብትነግሪኝ ላስብበት እፈልጋለሁ።» መልስ ላይሰጡ ይችላሉ፤ ግዴታም የለባቸውም። ዋናው እርስዎ ትክክለኛውን ተቀብለው ያልገባዎትን ያልገባኝ ነው ማለትዎ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ «ሁሉም የእኔ ጥፋት ነው» ማለት ትሕትና ይምሰል እንጂ ወደ ተዘጋው ካሜራ ነው የሚመልስዎ።

አሁን ወደ ትምህርቱ። የወንድምዎ ታሪክ ለምን ያኔ ከአፍዎ እንደወጣ ደብዳቤዎ ራሱ ይናገራል፦ «ሌላ የምለው ስላልነበረኝ»። ንባቡ ሳይገባን ስንቀር ዝምታውን የምንሞላው በምናውቀው ሰው ሕይወት ነው። ይሄ በዚህ ኮርስ ውስጥ እርስዎ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ የጥናቱ ዘርፍ ስለ ሰዎች ሕይወት ስለሆነ ማንም በቀላሉ ይወድቅበታል። ግን እስቲ ልብ ይበሉ፤ ኩዊር ቲዮሪ የሚመረምረው ወንድምዎን አይደለም። «አንተ እንዴት እንደዚህ ልትሆን ቻልክ?» የሚለውን ጥያቄ አዙሮ፣ «ሌላው ሰው ይሄን ጥያቄ እንዳይጠየቅ ያደረገው ምንድን ነው?» ይላል። ወንድና ሴት ተጋብተው ልጅ መውለዳቸው እንደ ልክ ተቆጥሮ፣ በሕግ፣ በቅጽ፣ በደመወዝ፣ በቤት ኪራይ ውል፣ በቀልድ ሳይቀር ሲደገፍ የሚኖረውን ሥርዓት ሄትሮኖርማቲቪቲ ይሉታል። የኩዊር ቲዮሪ ዓይን ያለው እዚያ ላይ ነው። ይሄ ከተያዘልዎ የክፍል ውይይት ላይ የሚሉት አያጡም፤ የሚያወሩት ስለ ወንድምዎ ሳይሆን ስለ ደንቡ ይሆናላ። ደንብ ደግሞ የእርስዎ ሙያ ነው።

ስለዚህ በትለርን ለጊዜው ያስቀምጧቸውና ከኪምበርሌ ክሬንሾ ይጀምሩ። ክሬንሾ የሕግ ምሁር ናቸው፤ ኢንተርሴክሽናሊቲ የሚለውን ሐሳብ (እንደ ዘርና ጾታ ያሉ በደሎች አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን የሚያይ ነው) እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጽሑፍ ያስተዋወቁት በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በቅጥር ክርክር ነው። እንደ ሰው ኃይል ባለሙያ ያንብቡት፤ ደም ሥርዎን ይነካዎታል። አምስት ጥቁር ሴቶች የአሜሪካውን መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስን ይከሳሉ። ኩባንያው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴት አይቀጥርም ነበር። በኋላ ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ቅነሳ መጣ፤ ደንቡ «መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል» የሚል ነበርና ከ1970 በኋላ የተቀጠሩት ጥቁር ሴቶች በሙሉ ወጡ። ወረቀቱ ላይ ሲታይ የአገልግሎት ዘመን ለሁሉም እኩል የሚሠራ መለኪያ ነው። ነገር ግን በሩ ዘግይቶ የተከፈተለት ሰው ረጅም አገልግሎት ከየት ያመጣል? ፍርድ ቤቱ በ1976 ክሱን አልተቀበለውም። ኩባንያው ከ1964 በፊትም ሴቶች ይቀጥር ስለነበር የጾታ አድልዎ የለም አለ፤ የተቀጠሩት ሴቶች ነጮች ነበሩ። የዘሩን ጉዳይ ደግሞ ከሌላ የዘር መድልዎ ክስ ጋር አጣምሩት አለ። ሁለቱን ባንድ ላይ አድርጎ «እንደ ጥቁር ሴት ተበደልኩ» ማለት የሚቻልበት ሕጋዊ ቦታ አልነበረም።

ጀማሪ ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኢንተርሴክሽናሊቲን እንደ ሒሳብ ድምር ይወስደዋል፦ ጥቁር መሆን አንድ በደል፣ ሴት መሆን ሌላ በደል፣ ሲደመር ሁለት። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ማን ብዙ ተበደለ የሚል ቆጠራ ይጀመራል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ወይ ይፎካከራል ወይ እንደ እርስዎ ይደነግጣል። የክሱን ታሪክ መልሰው ቢያዩት ግን ድምር የለም። ጥቁር ወንዶች በፋብሪካው ነበሩ፣ ነጭ ሴቶች በቢሮው ነበሩ፤ የጥቁር ሴቶቹ ችግር የሁለቱ ድምር ሳይሆን ከሁለቱም የተለየ፣ ሁለቱም መለኪያዎች የማያዩት ነገር ነበር። ጥያቄው «ማን ነህ?» ሳይሆን «ይህ ደንብ ማንን ማየት አይችልም?» ነው።

ከክሬንሾ ቀጥሎ የኮምባሂ ሪቨር ኮሌክቲቭን መግለጫ ያንብቡ። ጥቁር ፌሚኒስቶች፣ ብዙዎቹም ሌዝቢያን የሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የጻፉት ነው፤ አጭር ነው፣ ቋንቋውም ግልጽ ነው። የቡድኑ ስም የተወሰደው ባርነትን የታገሉት አሜሪካዊት ሃሪየት ተብማን በ1863 በመሩት ዘመቻ ከ700 በላይ ባሪያዎች ነጻ ከወጡበት ወንዝ ነው። ክሬንሾ ለሐሳቡ ስም ከማውጣታቸው 12 ዓመት በፊት በደሎች እርስ በርስ የተቆላለፉ መሆናቸውን በዚያ ታገኙታላችሁ፤ ቡድናችሁ አብሮ ቢያነበው መልካም ነው።

ከዚያ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሯ ካቲ ኮኸን በ1997 የጻፉት አለ። በእኔ ግምት ለእርስዎ ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው። ኮኸን የኩዊር ፖለቲካን ከውስጥ ሆነው ይተቻሉ፦ ዓለምን «ኩዊር» እና «ሌላው ሁሉ» ብሎ ለሁለት መክፈል ስሕተት ነው ይላሉ። ምሳሌያቸው በመንግሥት ድጎማ ልጆቿን የምታሳድግ ድሃ ጥቁር እናት ናት። ወንድ ታፈቅራለች፤ ነገር ግን ቤተሰቧ «ልክ» ከተባለው ውጭ ስለሆነ ትናቃለች፣ ትቀጣለች። እንግዲህ መስመሩ በሚያፈቅሩት ሰው ጾታ ብቻ የሚሰመር አይደለም። ይሄን ሲያነቡ እርስዎም በጉዳዩ ውስጥ እንዳሉበት ይታይዎታል፤ ወንድምዎ ወዲያ ማዶ፣ እርስዎ ወዲህ ማዶ ሆናችሁ የምትተያዩበት ነገር አይደለም።

በትለር ከዚህ በኋላ ይምጡ። ጽሑፋቸው የሚከብደው እርስዎ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው መጽሐፋቸው በፈረንሳይኛ ከጻፉ አሳቢዎች፣ ከቦቮር፣ ከላካን፣ ከፉኮ፣ ከኢሪጋራይ ጋር የሚደረግ ክርክር ነው፤ አንባቢው እነዚህን ያውቃል ተብሎ ስለተጻፈ፣ ለማን መልስ እየተሰጠ እንደሆነ ያላወቀ ሰው ዐረፍተ ነገሩን መቶ ጊዜ ቢያነበው አይከፈትለትም። ለ1999 እትም በትለር የጨመሩት መቅድም አለ፤ ስለ ጽሑፉ ክብደት ራሱ ያወራሉ። ከእሱ ይግቡ። አንድ የታወቀ ስሕተትንም አስቀድመው ይወቁት፦ ብዙ ሰው በትለር ሥርዓተ ፆታ ማለት ጠዋት ተመርጦ እንደሚለበስ ልብስ ነው ያሉ ይመስለዋል። በ1993 ባወጡት መጽሐፍ ይሄን አነባበብ አርመዋል። የሚሉት ተቃራኒውን ነው፤ ሳንመርጠው፣ ከልጅነት ጀምሮ እየደጋገምን፣ ስንስት እየተቀጣን የምንሠራው ነገር ነው፤ ተፈጥሮ የሚመስለውም ከመደጋገሙ የተነሣ ነው።

ስለ አነባበቡ ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። ለሳምንት አራት ሰዓት ይመድቡ፤ ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሰው አይዘልቅም። በመጀመሪያው 20 ደቂቃ የጽሑፉን መጀመሪያ ሁለት አንቀጽ፣ መጨረሻውን ሁለት አንቀጽና ንዑስ ርእሶቹን ብቻ ያንብቡ፤ እስክሪብቶ አይንኩ። ከዚያ በወረቀት ላይ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይሞክሩ፦ ከማን ጋር ነው ክርክሩ? ምን ይላል? ምን ምሳሌ ያቀርባል? ባዶ የቀረው የቱ እንደሆነ ይታይዎታል። በሚቀጥለው ቀን ባዶውን የሚሞሉ አምስት ስድስት ገጾች መርጠው በቀስታ ያንብቡ። የማይገባዎትን አንድ ዐረፍተ ነገር ከነገጽ ቁጥሩ ገልብጠው ለክፍል ይያዙት። ሁሉንም ገጽ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ጥንቃቄ ላንብብ ያለ ሰው አምስተኛው ገጽ ላይ ይደክመውና ክርክሩ የሚጀመርበት ቦታ ሳይደርስ ይተኛል። በማሽን የተጠቃለለ ጽሑፍ ላይ ብቻ መደገፍም አይበጅም፤ መደምደሚያውን ይሰጥዎታል፣ የክርክሩን ሌላ ወገን ግን ያጠፋዋል፣ የከበደዎትም እሱ ነበር።

ያች የገለበጧት ዐረፍተ ነገር ወደ ንግግር መመለሻዎ ትሆናለች። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከመግባትዎ በፊት በኮርሱ የውይይት ገጽ ላይ ይጻፏት፦ «በዚህ ገጽ ላይ ያለው ይሄ ሐሳብ ለማን መልስ ነው?» ከጽሑፍ ይጀምሩ፤ ማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ክፍሉ ሲጀመር ደግሞ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውስጥ አንድ ነገር ይበሉ፤ ዝምታ እየቆየ ሲሄድ ይከብዳል። ካሜራውን ለመክፈት አይቸኩሉ፤ ድምፅ ይበቃል። የሰው ታሪክ ምላስዎ ጫፍ ላይ ሲመጣ ራስዎን ይጠይቁ፦ ይሄን ነጥብ በአንድ የሥራ ደንብ፣ በቅጽ ወይም በንባቡ ማስረዳት አልችልም? አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል።

ስለ እምነትዎ ያነሡት ነገር አያሳፍርም፤ ሊደብቁትም አይገባም። አንድን ክርክር ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይሄንን ነው» እስኪል ድረስ በትክክል መግለጽ መቻልና በዚያ መስማማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮርሱ የሚጠይቅዎ የመጀመሪያውን ነው። ዘርፉ ራሱ የተስማማ ዘርፍ አይደለም። «ኩዊር ቲዮሪ» የሚለውን ስያሜ በ1990 ለጉባኤ የተጠቀሙበት ምሁር ቴሬሳ ደ ላውሬቲስ ራሳቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ርቀውታል። ናይጄሪያዊቷ ምሁር ኦዬሮንኬ ኦዬውሚም በ1997 መጽሐፋቸው፣ በቀድሞው የዮሩባ ማኅበረሰብ ሰው የሚመደበው ከጾታ ይልቅ በዕድሜ ታላቅነት ነበር፤ የምዕራቡን መለኪያ እዚያ መጫን ያሳስታል ብለው ይከራከራሉ። እሳቸውንም የሚሞግቱ አሉ። እርስዎም ጥያቄ ይኖርዎታል። «እኔ አማኝ ነኝ፤ ይሄ ሐሳብ እዚህ ጋ ይከብደኛል» ብሎ በጨዋነት መናገር አንድ ነገር ነው፤ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች የመኖር መብት ላይ መከራከር ግን ሌላ ነው። ልዩነቱን እንደሚያውቁት ከደብዳቤዎ ይታያል።

እንግዲህ ላቋርጠው ወይስ ልቀጥል ላሉት፣ እስቲ ይሄን ይመልሱ፦ ኮርሱ ባይኖር ኖሮ ለወንድምዎ ምን ይሉት ነበር? መልስ ካለዎት፣ ለእሱ ሲሉ ኮርሱን መጨረስ የለብዎትም፤ መልሱ በእጅዎ ነው። ለራስዎ ማወቅ ስለፈለጉ ከሆነ ግን ይቀጥሉ እላለሁ፤ አራተኛው ሳምንት ላይ መጥፋት በዚህ ትምህርት የተለመደ ነው፣ ሙያዎም ያግዝዎታል። መካከለኛ መንገድም አለ። ብዙ የአዋቂዎች ኮርሶች ያለ ውጤት፣ ያለ መጨረሻ ጽሑፍ መከታተል ይፈቅዳሉ። ለአስተማሪው በሚልኩት ኢሜይል መጨረሻ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨምሩ፦ ያለ ውጤት መከታተል ይቻላል? የማቋረጫው የመጨረሻ ቀንስ መቼ ነው? ቀኑ ገና ከሆነ፣ በዚህ አነባበብ ሁለት ሳምንት ሞክረው ይወስኑ። ያን ጊዜም የሚያስጨንቅዎ ንባቡ ሳይሆን የክፍሉ አየር ከሆነ ማቋረጥ ሽንፈት አይደለም፤ ጽሑፎቹን ብቻዎን ማንበብ ይችላሉ።

ከቀጠሉ፣ የመጨረሻውን ጽሑፍ ስለ ወንድምዎ አያድርጉት። ከሥራዎ አንድ ደንብ ይውሰዱ፤ ለምሳሌ የሐዘን ፈቃድ። «የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ሲሞት» የሚል ደንብ ቢሆን፣ 12 ዓመት አብሮት የኖረው የተመሳሳይ ጾታ ፍቅረኛው የሞተበት ሠራተኛ የትኛው መስመር ላይ ይፈርማል? ያሳደገቻት አክስቷ የሞተችባትስ? እዚህ ላይ ክሬንሾን ያምጡ። ቋሚ ሠራተኛ የሆነው ሰው አለቃውን በግል አናግሮ ሦስት ቀን ሊያገኝ ይችል ይሆናል። በየስድስት ወሩ ውሉ የሚታደስ ሠራተኛ ግን ለማስረዳት አፉን ቢከፍት ማንነቱ ይወጣል፣ ውሉም ላይታደስ ይችላል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ሥራ ይገባል። የመኖሪያ ፈቃዱ በአሠሪው እጅ ላይ ያለ ስደተኛ ሲሆን ደግሞ ዝምታው ከአገር መባረርን መፍራት ይሆናል። ደንቡ አንድ ነው፤ ሦስቱ ሰዎች ላይ የሚያደርሰው ግን አንድ አይነት ጉዳት እንኳ አይደለም። ኮኸንን ለማንሣት የምትረዳዎ አክስቷ የሞተችባት ሴት ናት፤ እሷም ከ«ልክ» ቤተሰብ ውጭ ናትና።

ለመግቢያው 150 ቃል፣ ደንቡን ጠቅሶ ምን እንደሚገምት ለማሳየት 300፣ ለክሬንሾ 400፣ ለኮኸን 350፣ ለተቃውሞ ሐሳብ 200፣ ለመዝጊያው 100 ቢመድቡ ይበቃዎታል። ተቃውሞው ላይ የኦዬውሚን ጥያቄ ወይም የራስዎን መጠቀም ይችላሉ። ባዶውን ቅጽ እንጂ የተሞላ ቅጽ አይጠቀሙ፤ የድርጅቱን ስም ያውጡ፤ የሚያውቁትን ሠራተኛ ጉዳይ ስሙን ቀይሮም ቢሆን አያስገቡ፣ በትንሽ መሥሪያ ቤት ሰው በቀላሉ ይታወቃል። ሦስቱን ሰዎች በምናብ የፈጠሯቸው መሆናቸውን በግልጽ ይጻፉ። ሲያልቅም ወንድምዎ ካልጠየቀ አይላኩለት፤ ከጠየቀ ደግሞ ከመላክዎ በፊት ስለ እሱ አንድም ነገር እንደሌለበት ይንገሩት።